በሮች የበዙበት ሳሎን፦ ቴሌቪዥንና መቀመጫ በኮንዶሚኒየም ቤት

በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በአዲስ አበባ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በርካታ ቤተሰቦችን ከግቢ ወደ ፎቅ አሸጋግሯል። ስለ ዕጣ አወጣጡ፣ ስለ ዋጋውና ስለ ግንባታው ጥራት ብዙ ተብሏል። ይህ ጽሑፍ ከደጃፉ ወደ ውስጥ ዘልቆ አንድ ጠባብ ጥያቄ ያነሣል፤ በርና መተላለፊያ በበዛበት ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ከየትኛው ግድግዳ፣ መቀመጫውስ ከየት ይሁን? ጥያቄው የቤት ማስዋብ ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በአንድ ቤት ውስጥ ማን ምቹ ቦታ እንደሚያገኝ፣ ማንስ ጀርባውን ሰጥቶ እንደሚቀመጥ የሚወሰነው በዚሁ ነው።

የብዙዎቹ ቤቶች ሳሎን ክፍል ብቻ ሳይሆን መንገድም ነው። የውጭው በር በቀጥታ ወደ ሳሎን ይከፈታል፤ ወደ ማዕድ ቤት፣ ወደ መኝታ ቤትና ወደ መታጠቢያ ቤት የሚኬደው ሳሎኑን አቋርጦ ነው፤ በረንዳውም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ይወጣል። አራት ግድግዳ ያለው ክፍል አራት መውጫ ሲኖረው ያልተቆራረጠ ግድግዳ ብርቅ ይሆናል። በተረፈው ቦታ ላይ ሶፋው፣ ቡፌው፣ የምግብ ጠረጴዛው፣ አንዳንዴም ማቀዝቀዣው ይሻማሉ። ቴሌቪዥኑ ከእነዚህ የሚለየው ቦታ ከመያዝ አልፎ የሰዎችን ፊት ወደ ራሱ የሚያዞር ዕቃ በመሆኑ ነው።

ፊትን ማዞር ቀላል ለውጥ አይደለም። በቀድሞው ቤት መቀመጫው፣ መደብም ይሁን በርጩማ፣ ግድግዳውን ተከትሎ ሲደረደር የሰዎች ፊት ወደ መሐል፣ ማለትም ወደ መሶቡ፣ ወደ እሳቱና እርስ በርስ ያቀና ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭቱን ሲጀምር መሣሪያው የጥቂት ቤቶች ሀብት ነበር፤ እየተስፋፋ በሄደባቸው ዓመታትም ዳንቴል ለብሶ ከቡፌ ላይ ወይም ከጥግ ተቀምጦ ይታይ ነበር። ጥግ የተመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። ባለ ቱቦው ቴሌቪዥን ወደ ኋላ የሚወጣ ጀርባ ስለነበረው ሌላ ጥቅም የማይሰጠው የሳሎኑ ጥግ በሚገባ ይሸከመው ነበር። ጠፍጣፋው ስክሪን ይህን አስገዳጅ ምክንያት አስቀርቶታል። ልማዱ ግን በብዙ ቤት እንዳለ ነው፤ ጥጉ ካልሆነም የዲሽ ገመዱ የገባበት ወይም ሶኬቱ የተተከለበት ግድግዳ ያለ ምርመራ የቴሌቪዥኑ ቦታ ይሆናል። ጥቂት ሜትር ገመድ መቀጠል የሚያስወጣው ወጪ ለዓመታት አንገትን ከማጣመም ጋር ሲነጻጸር ኢምንት መሆኑን ልብ የሚል ብዙ ሰው የለም።

ርቀት፣ ማዕዘንና ብርሃን

የቴሌቪዥን መጠን የሚነገረው በሰያፍ በሚለካ ኢንች ነው። 43 ኢንች የሚባለው ስክሪን 95 ሴንቲ ሜትር፣ 55 ኢንች የሚባለው ደግሞ 122 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድ አለው። በሙያው ዘንድ የተለመደው ምክር ስክሪኑ በተመልካቹ ዓይን ፊት 30 ዲግሪ ያህል ይያዝ የሚል ነው። ይህ ወደ ርቀት ሲለወጥ የስክሪኑን ወርድ ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል፤ ለ43 ኢንች 1.8 ሜትር፣ ለ55 ኢንች 2.3 ሜትር ይሆናል። ለዜናና ለውይይት 20 ዲግሪ ይበቃል ከተባለም ርቀቱ 2.7 እና 3.5 ሜትር ይደርሳል። እነዚህ ርቀቶች የሚለኩት ከዓይን እስከ ስክሪን እንጂ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አይደለም። ጥልቀቱ 90 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከኋላው ግድግዳ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይርቃልና ክፍሉ ከሚመስለው በላይ ጠባብ ነው።

ማዕዘን ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። አንደኛው ተመልካቹ ከስክሪኑ ፊት ለፊት ምን ያህል ወደ ጎን እንደተቀመጠ የሚያሳየው ነው። ይህ ምስሉን ይነካል፤ በተለይ ቪኤ በሚባለው የስክሪን ዓይነት ከጎን ሲታይ ጥቁሩ ይገረጣል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል፤ አይፒኤስ የሚባለው ዓይነት ከጎን ለሚያይ ሰው ይሻላል። ሁለተኛው ተመልካቹ ከተቀመጠበት አቅጣጫ አንገቱን ምን ያህል እንደሚያዞር የሚያሳየው ሲሆን ይህ የሚነካው ሰውየውን ነው። በሻጩ ዘንድ የሚነገረው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ከፍታውም የዚሁ አካል ነው፤ በሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለሉ 1.1 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል የስክሪኑ መሐል ከዚያ ባይበልጥ ይመረጣል። ልጆች እንዳይነኩት ተብሎ ከበሩ ጉበን ትይዩ የሚሰቀል ቴሌቪዥን ዕድሜያቸው ለገፋ ተመልካቾች የማንጋጠጥ ቅጣት ነው።

ብርሃንን በተመለከተ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ መገኘቷ ወሳኝ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ያለች ስለሆነች በበረንዳው ጣሪያ ትከለላለች። ችግሩ በምሥራቅና በምዕራብ መስኮቶች ላይ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ከአድማስ በላይ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትሆን ከበረንዳው ጣሪያ ሥር አልፋ እስከ ሳሎኑ መጨረሻ ግድግዳ ትዘልቃለች። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ብዙዎቹ የቅዳሜ ጨዋታዎች እንደ ወቅቱ ከቀኑ 11 ወይም 12 ሰዓት የሚጀምሩ በመሆናቸው፣ በርካታ ሳሎኖች መጋረጃ ተዘግቶ መብራት የሚበራባቸው በቀን ብርሃን ነው። ከመስኮት ፊት ለፊት የቆመ ስክሪን መስኮቱን እንደ መስተዋት ያሳያል፤ ከመስኮቱ ጎን የተቀመጠ ስክሪን ደግሞ ተመልካቹን ከኋላው ካለው ደማቅ ብርሃን ጋር ያፋጥጠዋል። የሚበጀው መስኮት ካለበት ግድግዳ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚሠራው ግድግዳ ነው።

አንድ ምሳሌ

ለማስረዳት ያህል ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 4.3 ሜትር፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ 3.4 ሜትር የሆነ ሳሎን እንውሰድ። የበረንዳው በርና መስኮት በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ናቸው። የውጭው በር በደቡቡ ግድግዳ ምሥራቃዊ ጫፍ ነው። በሰሜኑ ግድግዳ ምዕራባዊ ጫፍ የማዕድ ቤቱ በር፣ በምሥራቃዊ ጫፉ ደግሞ ወደ መኝታ ቤቶቹ የሚወስደው ኮሪደር አለ፤ በመካከላቸው 2.2 ሜትር ግድግዳ ይተርፋል። ምንም በር የሌለው ምሥራቁ ግድግዳ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ቴሌቪዥኑን የሚያስቀምጠው በዚህ በር በሌለው ግድግዳ ላይ ነው። ምርጫው ለዓይን ንጹሕ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ሶፋው የበረንዳውን በር ይዘጋል፣ የምዕራብ ፀሐይም በቀጥታ ስክሪኑ ላይ ትወድቃለች። የተሻለው ቦታ ማንም የማይመኘው፣ በሁለት መውጫዎች መካከል ያለው የሰሜኑ ግድግዳ ነው። ሶፋው በደቡቡ ግድግዳ ትይዩ ሲቀመጥ ከዓይን እስከ ስክሪን 2.7 ሜትር ያህል ይሆናል፤ 55 ኢንች ስክሪን ከዚያ ርቀት 25 ዲግሪ ይይዛል፤ 43 ኢንችም 20 ዲግሪ ስለሚይዝ አያሳፍርም። የመስኮቱ ነጸብራቅ በሶፋው ምሥራቃዊ ጫፍ ለተቀመጠው ሰው እንኳ ከስክሪኑ ጠርዝ ውጭ ይወድቃል።

ወዲያው የሚነሣው ተቃውሞ ከማዕድ ቤት ወደ ኮሪደር የሚሄድ ሰው ሁሉ በስክሪኑ ፊት ያልፋል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚከልለው ምን ያህል ነው? ትከሻው 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው ከተመልካቹ በ1 ሜትር ርቀት ሲያልፍ 25 ዲግሪ ይሸፍናል፤ ይኸውም የ55 ኢንቹን ስክሪን ሙሉ በሙሉ ማለት ነው። ያው ሰው ስክሪኑን ተጠግቶ፣ ከተመልካቹ በ2.5 ሜትር ርቀት ቢያልፍ የሚሸፍነው 10 ዲግሪ ብቻ፣ ከግማሽ በታች ይሆናል። በመሆኑም መተላለፊያው በስክሪኑ ሥር ይሁን፤ 80 ወይም 90 ሴንቲ ሜትር ወለል ነጻ ይተውለት፤ መሐል ጠረጴዛውም ወደ ሶፋው ይጠጋ። ትሪ የያዘ ሰው የእንግዳ ጉልበት እየዘለለ ከሚሄድ ይህ ይሻላል።

በዚህ ሳሎን ኤል ቅርጽ ያለውን ሶፋ አልመክርም። አጭሩ ክንፉ በመስኮቱ ሥር ሲውል በዚያ የሚቀመጠው ሰው ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሚሆን ስክሪኑን ለማየት አንገቱን ከ50 ዲግሪ በላይ ማዞር አለበት፤ ሶፋው ደግሞ አብሮት አይዞርም። 2.1 ሜትር ርዝመት ያለው ባለሦስት መቀመጫና ሁለት ቀላል ነጠላ ወንበሮች እንግዳ ሲመጣ ወደ እንግዳው፣ ጨዋታ ሲኖር ወደ ስክሪኑ ይዞራሉ። በገበያ ላይ በሙሉ ስብስብ የሚሸጠው ሶፋ ሳሎኑን ከጥግ እስከ ጥግ ሲሞላው ያምራል፤ አንዴ ከገባ ግን ምርጫ አይተውም።

ቡናው የሚፈላበት ቦታ

እስካሁን የተባለው ሁሉ በሶፋ ላይ የተቀመጠውን ሰው ያሰበ ነው። አቀማመጥን የሚመክሩ ሰዎችም ልኬታቸውን የሚጀምሩት ከምርጡ መቀመጫ ነው። በእኛ ሳሎን ግን ረጅም ሰዓት የምትቀመጠው ብዙውን ጊዜ ሶፋ ላይ አይደለችም። ቡና የምታፈላው ሴት፣ እናትም ትሁን ልጅ ወይም የቤት ሠራተኛ፣ ከመቁላት እስከ በረካ ድረስ በበርጩማ ላይ ነች። ረከቦቱ በልማድ የሚዘረጋው ባዶ ወለል ባለበት፣ ማለትም በቴሌቪዥኑ ሥር ሲሆን፣ ፊቷ ወደ እንግዶቹ ስለሆነ ስክሪኑ ከጀርባዋ ነው። የሁሉም ሰው ዓይን ከራሷ በላይ ያልፋል። ዜናውን ትሰማለች እንጂ አታይም፤ ሌሎቹ በሚያዩት ነገር ሲስቁ ዘወር ብላ ትጠይቃለች። በእኔ ግምት የአንድ ሳሎን አቀማመጥ መመዘን ያለበት በዚህ መጨረሻ መቀመጫ ነው፤ ምርጡ መቀመጫ በየትኛውም አቀማመጥ ራሱን አያጣም።

በምሳሌው ሳሎን መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ቡና በሚፈላበት ሰዓት ከመስኮቱ አጠገብ ካሉት ነጠላ ወንበሮች አንዱ ይነሣና ረከቦቱ በዚያ ይዘረጋል። በርጩማዋ ወደ ምሥራቅ ከዞረች እንግዶቹ በስተቀኟ በ30 ዲግሪ፣ ስክሪኑ በስተግራዋ በ50 ዲግሪ ገደማ ይሆኑላታል፤ በርጩማዋን ጥቂት ወደ ግራ ስታዞር ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። ፍጹም አይደለም፤ ጀርባ ከመስጠት ግን እጅግ የራቀ ነው። ቦታው ለበረንዳው በር ቅርብ መሆኑም ሌላ ጥቅም አለው። ከሰል ሲነድ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ በተዘጋ ሳሎን ውስጥ ይህ ጋዝ ሊገድል ይችላል። ምድጃው በተከፈተ የበረንዳ በር አጠገብ ሲሆን አየሩ ይለወጣል፤ ፍሙ እስኪያዝ ድረስም በረንዳው ላይ ማቆየት ይቻላል። የማዕድ ቤቱ በር በዚያው ወገን በመሆኑ ውኃ ለመቅዳት ሳሎኑን ማቋረጥ አያስፈልግም።

የሳሎኑ በሮች በሌላ አኳኋን ሲደረደሩ መልሱም ይለወጣል። ሁለቱ ረጃጅም ግድግዳዎች በመሐላቸው በር ካላቸው፣ የተነቀፈው የጥግ አቀማመጥ ተመልሶ ትክክለኛ ሊሆን ይችላል፤ ከመስኮቱ በራቀው ጥግ በሰያፍ የቆመ ስክሪን ለሁለት ወገን መቀመጫ ይዳረሳልና። የሰሜንና የደቡብ መስኮት ላላቸው ቤቶችም የነጸብራቁ ጉዳይ ይቀላል።

ስክሪኑን መስቀል ለፈለገ ሰው የግድግዳው ዓይነት መታወቅ አለበት። በውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት ላይ አጭር ፊሸር አይጨብጥም፤ በአንዳንዶቹ ቤቶች ለክፍል መለያ የተሠራበት አግሮስቶን ደግሞ ከብሎኬትም ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ በላይና በታች መብሳት ገመድ የመምታት አደጋ አለው። ተከራይ የሆነ ወይም ግድግዳውን ያላመነ ሰው ዝቅ ያለ ማስቀመጫ ቢጠቀም ይመረጣል፤ የስክሪኑን መሐል ለማውረድም ይረዳል።

ዕቃ ከመገዛቱ በፊት የሶፋውንና የስክሪኑን ልክ ወለሉና ግድግዳው ላይ በፕላስተር መለጠፍ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ይወስዳል። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ቢሆን ፀሐይዋም ትመሰክራለች። አንድ ሰው ትሪ ይዞ ከማዕድ ቤት እስከ ኮሪደር ይመላለስ፤ የቀሩት በየመቀመጫው በተራ ይቀመጡ፤ በርጩማዋ ላይ የሚቀመጠው ግን የቤቱ አባወራ ይሁን።