ለአንድ ኪሎ ፕላስቲክ ሁለት ዋጋ

ባዶ የውኃ ጠርሙስ በዓለም ገበያ ሁለት ዋጋ ያለው ዕቃ እየሆነ መጥቷል። አንደኛው የፕላስቲኩ የራሱ ዋጋ ነው። ሁለተኛው ጠርሙሱ ከየት እንደተለቀመ፣ በማን እጅ እንዳለፈና የት እንደተፈጨ የሚያስረዳው መዝገብ የሚያወጣው ዋጋ ነው። ብሎክቼይን የተባለው ቴክኖሎጂ ወደ ቆሻሻ ንግድ የገባው በዚህ በሁለተኛው በር ነው።

ለመሆኑ ገዢው ለመዝገብ ገንዘብ የሚከፍለው ለምንድን ነው? ለአካባቢ ተቆርቁሮ ብቻ አይደለም፤ ሕግም እያስገደደው ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ፣ ሪሳይክል የተደረገው ፕላስቲክ ከ30 በመቶ በታች በሆነ ማሸጊያ ላይ በቶን 200 ፓውንድ ታክስ ጥላለች። ታክሱ ከዚያ ወዲህ ከፍ ብሏል። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ፣ ፔት ከሚባለው ፕላስቲክ የሚሠሩ የመጠጥ ጠርሙሶች ከ2025 ጀምሮ በአማካይ 25 በመቶ፣ ከ2030 ጀምሮ ደግሞ የመጠጥ ጠርሙሶች ሁሉ 30 በመቶ ሪሳይክል የተደረገ ፕላስቲክ እንዲኖራቸው ደንግጓል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በሚገባ ታጥቦና ቀልጦ የወጣውን ፕላስቲክ ከአዲሱ በዓይን ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነው። የነዳጅ ዋጋ ሲወርድ ደግሞ አዲሱ ፕላስቲክ ይረክሳል፤ በ2020 የታየውም ይኸው ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ርካሹን አዲስ ፕላስቲክ «ሪሳይክል» ብሎ ለመሸጥ የሚፈተን ነጋዴ አይጠፋም። የገዢው ምስክር ወረቀቱ ብቻ ነው፤ ወረቀት ደግሞ ይደለዛል፣ ይባዛል።

ብሎክቼይን ምንድን ነው ቢባል፣ ለነጋዴ የሚቀርበው ማስረጃ የሒሳብ መዝገብ ነው። አምስት ሰዎች አብረው ይነግዳሉ እንበል። መዝገቡ በአንዱ ጸሐፊ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ በመቀመጥ ፈንታ ለአምስቱም አንድ አንድ ቅጂ ይደርሳቸዋል። አንድ ገጽ በሞላ ቁጥር በገጹ ላይ ከሰፈረው ሒሳብ ተቀምሮ አንድ ምልክት ይወጣል፤ የሚቀጥለው ገጽ የሚጀምረው በዚያ ምልክት ነው። ስለዚህ አንዱ ከሦስት ወር በፊት የጻፈውን 80 ኪሎ ዛሬ 800 ላድርገው ቢል የዚያ ገጽ ምልክት ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ ካሉት ገጾችም ጋር አይገጥምም። የቀሩት አራቱ ቅጂዎች ያጋልጡታል። ሥራውን የሚሠራው ኮምፒውተር መሆኑ እንጂ ሐሳቡ ይኸው ነው።

ቢትኮይን የሚፈጀውን ኤሌክትሪክ ሰምተው የሚሰጉ አንባብያን ይኖሩ ይሆናል። በንግድ ድርጅቶች መካከል የሚሠራው መዝገብ ግን የታወቁና የተፈቀደላቸው አባላት ብቻ የሚጽፉበት በመሆኑ ያን ያህል ኃይል አይበላም።

በዚህ ሥራ ስሙ በሰፊው የሚነሣው በ2013 በካናዳ ቫንኩቨር የተቋቋመው ፕላስቲክ ባንክ ነው። ድርጅቱ ሥራውን በሄይቲ ጀምሮ ወደ ፊሊፒንስ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ብራዚልና ግብፅ ዘልቋል፤ መዝገቡን በአይ.ቢ.ኤም. የብሎክቼይን ቴክኖሎጂ ላይ አቁሞታል። አሠራሩ ቀላል ነው። ለቃሚው ፕላስቲኩን ወደ መሰብሰቢያው ያመጣል፣ ይመዘንለታል፣ የገበያውን ዋጋ ይቀበላል። በዚያ ላይ ጭማሪ አለው፤ ጭማሪው በተንቀሳቃሽ ስልክ በሚታይ ሒሳቡ ላይ ይመዘገብለታል። ባንክ ቤት ደብተር ለሌለው፣ ጥሬ ገንዘብ በኪሱ ይዞ ማምሸት ለሚያሰጋው ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፕላስቲኩ ተፈጭቶ ለትልልቅ አምራቾች ይሸጣል። የጀርመኑ ሄንክል ከ2017 ጀምሮ ከድርጅቱ ጋር ይሠራል። ጭማሪውን የሚሸፍነው እንግዲህ እንዲህ ያለው ገዢ ነው፤ እሱ ከሌለ ለቃሚው የሚያገኘው እንደ ወትሮው የኪሎውን ዋጋ ብቻ ነው።

ከዕቃው ሌላ «የፕላስቲክ ክሬዲት» የሚባል ሽያጭም ተፈጥሯል። ቬራ የተባለው ድርጅት በ2021 ባወጣው ደንብ መሠረት አንድ ክሬዲት ማለት፣ ፕሮጀክቱ ባይኖር ኖሮ ሳይነሣ ይቀር የነበረ አንድ ቶን ፕላስቲክ ተሰብስቧል ወይም ሪሳይክል ተደርጓል ማለት ነው። ፋብሪካው ክሬዲቱን ሲገዛ ዕቃው በእጁ አይገባም፤ የሚገዛው መዝገቡን ብቻ ነው። በመሆኑም ያው አንድ ቶን ለሁለት ገዢዎች እንዳይሸጥ ማድረግ የንግዱ ሕልውና ነው። ብሎክቼይን በእርግጥ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም ተራ ቁጥሩን ስለሚያይ አንዴ የተሸጠው ተመልሶ አይሸጥም። ይህ የሚሆነው ግን በአንዱ መዝገብ ውስጥ ነው። ሻጩ ያንኑ ቶን በሌላ መዝገብ ላይ ካስገባው ሁለቱ መዝገቦች አይተዋወቁም።

ከዚህ የሚብሰው ድክመት ሚዛኑ ዘንድ ያለው ነው። መዝገቡ የተጻፈበትን አያስደልዝም እንጂ የተጻፈው እውነት ይሁን ሐሰት አያውቅም። ጠርሙሱ ውስጥ ውኃ ቢቀር፣ በማዳበሪያው ከረጢት ሥር አሸዋ ቢጨመር፣ መዛኙ ለዘመዱ 30ውን 50 ብሎ ቢጽፍ፣ ውሸቱ ለዘለዓለም ሳይፋቅ ይቀመጣል። ፎቶግራፍ፣ ከኮምፒውተር ጋር የተያያዘ ሚዛንና ድንገተኛ ቁጥጥር ያስፈለገውም ለዚህ ነው፤ ይህ ሁሉ ደግሞ ወጪ ነው። አባላቱ ካልመጡም መዝገቡ ዋጋ የለውም። ሜርስክና አይ.ቢ.ኤም. ለመርከብ ጭነት ያቋቋሙት ትሬድሌንስ፣ የዘርፉን ድርጅቶች ሁሉ አሰባስቦ ማሠራት ስላልተቻለ እንደሚዘጋ በኅዳር 2022 ተነግሯል።

ለአገራችን ነጋዴ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናን ያገበያየው በቅድሚያ መጋዘን አስገብቶ፣ መዝኖና ደረጃ አውጥቶ፣ በደረሰኙ ነው። ሃይላንዱን ከየቤቱ የሚገዛው ቆራሌው ግን ደረሰኝ አይጽፍም፤ ዕቃውም ከእሱ እስከ ፈጪው ድረስ ብዙ እጅ ያልፋል። ወደ አውሮፓ ፕላስቲክ እልካለሁ የሚል ባለሀብት ገንዘቡን አስቀድሞ ማዋል ያለበት በመጀመሪያው ሚዛን ላይ እንጂ በኮምፒውተሩ ላይ አይመስለንም። ሁለትና ሦስት ነጋዴዎች ብቻ ባሉበት ሥራ እንኳንስ ብሎክቼይን፣ ተራ የኮምፒውተር መዝገብና ከውጭ የሚመጣ ኦዲተር ይበቃሉ። ብሎክቼይን የሚያስፈልገው የማይተማመኑ ብዙ ድርጅቶች በአንድ መዝገብ ሲጠቀሙ ነው።

የእንዲህ ዓይነት ድርጅት አክሲዮን ወይም ክሬዲት የቀረበለት ሰው ሚዛኑ የማን እንደሆነና ለመዛኙ ደመወዝ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ይጠይቅ። ቀጥሎ የገባውንና የወጣውን ኪሎ ያስተያይ። ክዳን፣ ወረቀት፣ ሙጫና አፈር በእጥበት ስለሚወገዱ ከገባው ክብደት የተወሰነው ሁልጊዜም ይጎድላል። 100 ቶን ገብቶ 100 ቶን ወጣ የሚል መዝገብ ካጋጠመው፣ ብሎክቼይን ላይ ቢጻፍም ጽሑፉን ይዞ ወደ ሚዛኑ ይመለስ።