ቢቢ ቲቲ ሙሐመድ፤ ከንጎማ ማኅበር ወደ ነፃነት ትግል

አንድ ሕዝብ ነፃነቱን ሲጎናጸፍ በታሪክ መዝገብ ላይ ስማቸው ጎልቶ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ድርጅት የመሠረቱ፣ ከባዕድ ገዥ ጋር የተደራደሩና ውል የፈረሙ ሰዎች ናቸው። ዳሩ ግን ድርጅት በጥቂት መሪዎች ብቻ አይቆምም። ከቤት ወደ ቤት እየዞረ አባል የሚመለምል፣ መዋጮ የሚሰበስብ፣ ሕዝቡን ለስብሰባ የሚጠራና የፈራውን የሚያደፋፍር ያስፈልገዋል። በታንጋኒካ የነፃነት ትግል ይህን ሥራ ከሠሩት መካከል ግንባር ቀደሟ ቢቢ ቲቲ ሙሐመድ ነበሩ። «ቢቢ» በስዋሂሊ ቋንቋ ለሴት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ሲሆን፣ በአማርኛ «ወይዘሮ» እንደምንለው ያለ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቢቢ ቲቲ በ1926 ዓ.ም. በዳሬ ሰላም ከተማ ከሙስሊም ቤተሰብ ተወለዱ። ታንጋኒካ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ነበረች። አባታቸው ልጃቸው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብታ ከሃይማኖቷ እንዳትርቅ በመስጋት ወደዚያ ሊልኳቸው አልፈቀዱም። አባታቸው ከሞቱ በኋላ ግን እናታቸው ትምህርት ቤት አስገቧቸው። የተማሩት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው። ዕድሜያቸው አሥራ አራት ዓመት ገደማ ሲሆን በዕድሜ እጅግ ለሚበልጣቸው ሰው ተዳሩ፤ ትዳሩም አንዲት ሴት ልጅ ከወለዱ በኋላ ፈረሰ።

የዚያን ጊዜዋ የዳሬ ሰላም ሴት ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ የማግኘት ዕድሏ እጅግ የጠበበ ነበር። ብዙዎቹ ምግብ አብስለው በመሸጥ፣ ጠላ መሰል መጠጥ በመጥመቅና በጉልት ንግድ ይተዳደሩ ነበር። ከዚህም ጋር «ንጎማ» በሚባሉ የዘፈንና የጭፈራ ማኅበራት ይሰባሰባሉ። ንጎማ ማለት ከበሮ ማለት ነው። እነዚህ ማኅበራት በሠርግና በበዓል ከመዝፈን አልፈው የየራሳቸው መሪና መዋጮ ነበራቸው፤ አባሎቻቸውም በደስታም ሆነ በኀዘን ይረዳዱ ነበር። ከልዩ ልዩ ጎሣ የመጡ ሴቶች በአንድ ማኅበር ታቅፈው በስዋሂሊ ቋንቋ ይግባቡ ነበር። ቢቢ ቲቲ «ቦምባ» የተባለው የንጎማ ማኅበር አውጪ ዘፋኝ ስለነበሩ ድምፃቸውም ስማቸውም በከተማይቱ የታወቀ ነበር።

በጁላይ 7 ቀን 1954 ዓ.ም. በጁልየስ ኔሬሬ መሪነት የታንጋኒካ አፍሪካዊ ብሔራዊ ኅብረት፣ በምሕፃሩ ታኑ፣ ተመሠረተ። የዚህ ድርጅት የመጀመሪያ ችግር የአባላት ማነስ ነበር። የቅኝ አገዛዙ በ1953 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የመንግሥት ሠራተኞች በፖለቲካ ማኅበር እንዳይሳተፉ ከልክሎ ስለነበር፣ ከተማሩት ወንዶች ብዙዎቹ እንጀራቸውን እንዳያጡ በመስጋት ወደ ኋላ አሉ። በራሳቸው ሥራ የሚተዳደሩት የከተማይቱ ሴቶች ግን ከሥራ የሚያባርራቸው አለቃ አልነበረባቸውም። በሌላው ዘንድ እንደ ድክመት ይታይ የነበረው ኑሯቸው ለትግሉ ኃይል ሆነ።

በ1955 ዓ.ም. የእንግሊዝ የሠራተኞች ፓርቲ ሹም የነበሩት ጆን ሃች ታንጋኒካን በጎበኙ ጊዜ የታኑ የሴቶች ክፍል የት እንዳለ ጠየቁ። ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ ለመስጠት ሲታሰብ ከባለቤታቸው ጋር የድርጅቱ አባል ሆነው የነበሩት ቢቢ ቲቲ ተመረጡ፤ የሴቶቹም ክፍል መሪ ሆኑ። ቢቢ ቲቲ በመጀመሪያ የሄዱት ወደሚያውቋቸው ሰዎች፣ ማለትም ወደ ንጎማ ማኅበራት መሪዎች ነበር። አንዲት መሪ ከተስማማች አባሎቿ ይከተሏታል፤ አባሎቹ ደግሞ ለጎረቤቶቻቸው ይነግራሉ። በዚህ ዘዴ በዚያው ዓመት እስከ ኦክቶበር ወር ድረስ 5,000 ያህል ሴቶች የድርጅቱ አባል ሆኑ።

ይህ ሥራ ቀላል አልነበረም። ሴት ልጅ፣ ይልቁንም ባለ ትዳር የሆነች ሙስሊም ሴት፣ በወንዶች አደባባይ ቆማ መናገሯ ባልተለመደበት ዘመን ሴቶችን ከቤት ማስወጣት ብዙ ማግባባት ይጠይቅ ነበር። ቢቢ ቲቲ ለሴቶቹ የተናገሩት እነርሱ በሚያውቁት ቋንቋና ስለሚያውቁት ኑሮ ነው፤ እናትነታቸውንና የልጆቻቸውን የወደፊት ዕድል እያነሡ ነፃነት የእነርሱም ጉዳይ መሆኑን አስረዱ። የአነጋገራቸው ችሎታ ከተመሰከረ በኋላም ከኔሬሬ ጋር ወደ ልዩ ልዩ ክፍለ ሀገሮች እየተጓዙ ለብዙ ሕዝብ ንግግር አደረጉ። ከ120 በላይ ጎሣዎች በሚኖሩባት አገር ሁሉን የሚያሰባስበው ስዋሂሊ ነበርና፣ የዚህ ቋንቋ ባለ ጸጋ የነበሩት ቢቢ ቲቲ ለድርጅቱ ትልቅ ሀብት ሆኑ።

ታንጋኒካ በዲሴምበር 9 ቀን 1961 ዓ.ም. ነፃ ወጣች። በሚከተለው ዓመት የሴቶች ብሔራዊ ማኅበር ሲቋቋም ቢቢ ቲቲ ሊቀመንበር ሆኑ። የፓርላማ አባልና የሴቶችና የማኅበራዊ ጉዳዮች ንዑስ ሚኒስትር በመሆንም አገልግለዋል። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ያቋረጠች የከበሮ ዘፋኝ ከመንግሥት ባለሥልጣኖች ተርታ መሰለፏ በዚያን ዘመን ከፍ ያለ ለውጥ ነበር።

ይሁን እንጂ የፖለቲካ መንገድ ሁልጊዜ ሽቅብ አይወጣም። በ1965 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ቢቢ ቲቲ በሩፊጂ ወረዳ ተወዳድረው ተሸነፉ። በፌብሩዋሪ 1967 ዓ.ም. ደግሞ የአሩሻ መግለጫ ወጣ። መግለጫው ከያዛቸው ደንቦች አንዱ የድርጅቱና የመንግሥቱ መሪዎች ቤት እንዳያከራዩ የሚከለክል ነበር። የደንቡ ዓላማ መሪዎች ሥልጣናቸውን የግል ጥቅም ማግኛ እንዳያደርጉ ነበር። ቢቢ ቲቲ ግን የሚያከራዩዋቸው ቤቶች ነበሯቸው። ለእርሳቸው ያለ ከፍተኛ ትምህርት ለምትኖር የከተማ ሴት ቤት የእርጅና መጦሪያ ነው። ደንቡን ስላልተቀበሉት ከታኑ ማዕከላዊ ኮሚቴ አባልነታቸው ለቀቁ። ከብዙ ዓመት የትግል ጓደኞቻቸው ጋር በግልጽ መለያየታቸው ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

ከዚህም የባሰ መከራ ገጠማቸው። በኦክቶበር 1969 ዓ.ም. የቀድሞውን የሥራ ሚኒስትር ሚካኤል ካማሊዛንና አራት የጦር መኮንኖችን ጨምሮ ከሌሎች ጋር መንግሥትን ለመገልበጥ አሢረዋል ተብለው ተያዙ። ቢቢ ቲቲ ክሱን ክደው ተከራከሩ። ክርክሩ 127 ቀን ከፈጀ በኋላ በ1971 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እሥራት ተፈረደባቸው። በ1972 ዓ.ም. ግን በፕሬዚዳንት ኔሬሬ ውሳኔ ተፈቱ። ከእሥር ከወጡ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከአደባባይ ርቀው ኖሩ፤ በየመድረኩ ይጠራ የነበረው ስማቸውም ከሰው አፍ እየራቀ ሄደ።

ሆኖም ሥራቸው ጨርሶ ተረስቶ አልቀረም። የታሪክ ተመራማሪዋ ሱዛን ጋይገር በ1980ዎቹ ዓመታት ቢቢ ቲቲንና የትግል ጓደኞቻቸውን አነጋግረው፣ የሕይወት ታሪካቸውን መሠረት ያደረገ የጥናት መጽሐፍ በ1997 ዓ.ም. አሳተሙ። ከዚያ በፊትም በ1991 ዓ.ም. የነፃነት ሠላሳኛ ዓመት ሲከበር የፓርቲው ጋዜጣ ቢቢ ቲቲን የነፃነት ትግል ጀግና ሲል አወድሷቸዋል። ቢቢ ቲቲ በኖቬምበር 5 ቀን 2000 ዓ.ም. በጆሃንስበርግ ከተማ በሕክምና ላይ ሳሉ ዐረፉ። በተወለዱባት በዳሬ ሰላም ከታላላቆቹ ጎዳናዎች አንዱ በስማቸው ይጠራል።

ከዚህ የሕይወት ታሪክ ሁለት ነገሮችን እንገነዘባለን። የመጀመሪያው፣ የሕዝብ ንቅናቄ ከባዶ እንደማይነሣ ነው። ለሠርግና ለኀዘን የተመሠረቱት የሴቶች ማኅበራት የታንጋኒካ ነፃነት መሠረት ከሆኑት ድንጋዮች መካከል ናቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ምሳሌ ይህንኑ ያስረዳል። ሁለተኛው፣ የአንድ ሰው ውለታ የሚለካው ሥልጣን ላይ በቆየበት ዘመን ብቻ አለመሆኑ ነው። ቢቢ ቲቲ ተመርጠዋል፣ ተሸንፈዋል፣ ታሥረዋል፣ ተመስግነዋልም። በ1955 ዓ.ም. ከቤታቸው ወጥተው የተከተሏቸው ሴቶች ግን ከዚያ በኋላ በአገራቸው ጉዳይ ላይ ባዳ አልሆኑም።