ውድ ማዳመጫ ወይስ ርካሽ? ዋጋውን በሥራ ቀን እንቁጠረው

በዕረፍት ቀን ስትገናኙ ከምታነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ስለ ጆሮ ማዳመጫ ነው። «ኤርፖድ ልግዛ ወይስ የሰማንያ ድርሃሙ ይበቃኛል?» ትላላችሁ። ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም የሚወጣው ገንዘብ ትንሽ አይደለም። ማዳመጫውም ለእናንተ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የእናትና የልጅ ድምፅ የሚሰማበት ዕቃ ነው። ስለዚህ ለምን እንደምንከፍልና ምን እንደምናገኝ አንድ በአንድ ብናየው ይጠቅማል።

ዋጋው ስንት ቀን ያሠራል?

የአሜሪካው አፕል ኩባንያ የመጀመሪያውን ኤርፖድ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በዚያው ዓመት ባወጣው አይፎን 7 ላይ የባለ ገመድ ማዳመጫ መሰኪያ ቀዳዳውን አስቀርቶት ስለነበር ገመድ አልባው በፍጥነት ተለመደ። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ኤርፖድስ ፕሮ 3 በአሜሪካ የተቆረጠለት ዋጋ 249 ዶላር ነው። አንድ ዶላር 3.67 ድርሃም ስለሆነ፣ ከ900 ድርሃም በላይ ይመጣል ማለት ነው። በሌላ በኩል እንደ ሬድሚ፣ ኪውሲዋይና ሳውንድኮር ያሉት ኩባንያዎች ከሚሠሯቸው ውስጥ ከ100 ድርሃም በታች የሚገኙ አሉ። ባለ ገመዱ ደግሞ በ20 ድርሃም ገደማ ይገኛል።

አሁን በሥራ ቀን እንቁጠረው። ደመወዟ 1,200 ድርሃም የሆነ እኅት በቀን የምታገኘው 40 ድርሃም ነው። ለኤርፖድስ ፕሮ ወደ 23 ቀን ትሠራለች። ለሰማንያ ድርሃሙ 2 ቀን፣ ለባለ ገመዱ ግማሽ ቀን ይበቃታል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ድርሃም አገር ቤት ገብቶ የሚያወጣው ብር በጣም ጨምሯል። ስለዚህ በመካከሉ ያለው ልዩነት ለቤተሰብ ትልቅ ገንዘብ ነው።

«ውዱ ዕድሜ አለው» የሚል መልስ ይሰጣል። ከፊሉ እውነት ነው፤ ውዱ በአሠራሩ ጠንከር ያለ ነው። ነገር ግን የሁለቱም ባትሪ ሊቲየም ነው፤ እጅግ ትንሽ ከመሆኑም በላይ ታሽጎ ስለሚሠራ በቀላሉ አይቀየርም። በየቀኑ እየተሞላ ሁለትና ሦስት ዓመት ካገለገለ በኋላ አቅሙ ይደክማል። አምስት ሰዓት ይጫወት የነበረው ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይዘጋል። የሰማንያ ድርሃሙ በየዓመቱ ቢበላሽና በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቢገዛ እንኳ 240 ድርሃም ነው፤ የውዱን ሲሶ እንኳ አይሞላም።

መጥፋቱንም ማሰብ ያስፈልጋል። ሻሽ ሲፈታ ወይም ሂጃብ ሲወልቅ ማዳመጫው አብሮ ይወድቃል፤ ኪስ ውስጥ ተረስቶም ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ይገባል። የኤርፖድስ ፕሮ አንዱ ጆሮ ብቻ ቢጠፋ አፕል በአሜሪካ የሚያስከፍለው 89 ዶላር፣ ማለትም ወደ 327 ድርሃም ነው። በዚህ ዋጋ አራት ሙሉ የሰማንያ ድርሃም ማዳመጫ ይገዛል።

ውዱ በምን ይበልጣል?

ውዱ የሚበልጥበት ነገር መኖሩን መካድ አይገባም። ዋነኛው ጫጫታን የማጥፋት ችሎታው ነው። በላዩ ያለው ትንሽ ማይክሮፎን የውጭውን ድምፅ ይሰማና የዚያን ድምፅ ተቃራኒ ሞገድ ይፈጥራል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይጣፋሉ። ይህ በተለይ ለማያቋርጥ ጉምጉምታ፣ ለምሳሌ ለአውሮፕላንና ለአውቶቡስ ሞተር ወይም ለኤሲ ድምፅ ይሠራል። ከአል ዐይን አቡ ዳቢ 160 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ለሚመላለስ ሰው ደስ የሚል ነገር ነው። አሁን ይህ ችሎታ በአንዳንድ ርካሽ ማዳመጫዎችም ላይ አለ፤ ጥራቱ ግን የውዱን ያህል አይደለም።

ሌላው ጥቅም ከአይፎን ጋር ያለው መግባባት ነው። ክዳኑ ሲከፈት ስልኩ ያውቀዋል፤ ሲጠፋ ያለበትን ለመፈለግ ይረዳል። ስልካችሁ ሳምሰንግ፣ ሬድሚ ወይም ቴክኖ ከሆነ ግን ኤርፖድ እንደ ማንኛውም የብሉቱዝ ማዳመጫ ነው የሚሠራው። ድምፅ ይሰጣል፤ ከተከፈለባቸው ነገሮች ብዙዎቹ ግን አይገኙም።

አገር ቤት ለመደወልስ?

አብዛኞቻችሁ ማዳመጫ የምትፈልጉት በቦቲምና በመሳሰሉት ቤተሰብ ለማነጋገር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። መዝሙር ስትሰሙ ብሉቱዝ ድምፅ የሚልከው ወደ ጆሮ ብቻ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ይልካል። ጥሪ ሲጀመር ግን የእናንተንም ድምፅ መመለስ ስላለበት በአብዛኞቹ ስልኮች ወደ ሌላ አሠራር ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ድምፁ ይጠባል፣ ጥራቱም ይቀንሳል። ይህ በርካሹ ብቻ ሳይሆን በውዱም ላይ ይታያል። ውዱ ነፋስና ጫጫታን ከንግግር በመለየት ይሻላል። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ግን ልዩነቱ ጠባብ ነው። የባለ ገመዱ ማይክሮፎን ደግሞ ከአፍ አጠገብ ስለሚንጠለጠል ንግግርን ብዙ ጊዜ ከሁለቱም አጥርቶ ያደርሳል፤ ባትሪም አይፈልግም።

ድምፅ የሚቆራረጠው በኔትወርክ ምክንያት ከሆነ ደግሞ የ900 ድርሃም ማዳመጫም አያስተካክለውም። ለማረጋገጥ ማዳመጫውን አውጥታችሁ በስልኩ ብቻ ደውሉ። አሁንም ከተቆራረጠ ችግሩ የመስመር ነው።

በሥራ ሰዓት ጥንቃቄ

ለቤት ሠራተኛ ጫጫታ የሚያጠፋ ማዳመጫ አደጋም አለው። የሕፃን ለቅሶ፣ የበር ደወል፣ በምድጃ ላይ የሚገነፍል ድስት፣ የማዳም ጥሪ፣ እነዚህ ሁሉ መሰማት አለባቸው። ርካሹም ቢሆን ጆሮን በላስቲኩ ይደፍናል። ስለዚህ በሥራ ላይ ማዳመጥ የተፈቀደላችሁ አንዱን ጆሮ ብቻ አድርጉ፤ ሕፃን ስትጠብቁና መንገድ ስትሻገሩ ግን ጭራሽ አውጡት። ሁለቱንም የምታደርጉበት ጊዜ የዕረፍት ሰዓታችሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ደመወዝ የማይቆረጥበት ዕረፍት፣ በቀንም ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት ይደነግጋል፤ ከዚህም ውስጥ 8ቱ ሰዓት ተከታታይ መሆን አለበት።

ድምፁንም ከ60 በመቶ በላይ አታድርጉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው 80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ሊደመጥ ይችላል፤ 90 ዴሲቤል ከደረሰ ግን በሳምንት ከ4 ሰዓት ማለፍ የለበትም። በዚህ የተጎዳ ጆሮ አይመለስም፤ ጉዳቱም ማዳመጫው ውድ ወይም ርካሽ መሆኑን አይለይም።

ስትገዙ

በጎዳና ወይም በሰው እጅ «ኦርጅናል ነው» ተብሎ በ150 ድርሃም የሚሸጥ አዲስ ኤርፖድ ኦርጅናል አይደለም። ስሙን ብቻ የያዘ ርካሽ ዕቃ ነው፤ የራሱ ስም ካለው የ80 ድርሃም ማዳመጫ የሚያንስም አለ። አዲስ ሶፍትዌር ያለው አይፎን ካላችሁ ስታገናኙት የተመሳሰለውን ለይቶ ያስጠነቅቃል። እንደ ሉሉ ካሉት በአቡ ዳቢም በአል ዐይንም ከሚገኙት ትልልቅ መደብሮች ወይም ከምታውቁት ሱቅ ግዙ። ደረሰኙን፣ ፋቱራውን፣ ተቀበሉ፤ ዋስትናው ስንት ወር እንደሆነ ጠይቁ። በካርቶኑ ላይ «አይፒኤክስ 4» የሚል ካለ የውኃ ፍንጣሪና ላብ ይችላል ማለት ነው፤ ውኃ ውስጥ መግባትን ግን አይችልም። ከመውጣታችሁ በፊትም በራሳችሁ ስልክ አገናኝታችሁ ሁለቱም ጆሮ መሥራቱን፣ ከጆሯችሁም አለመውደቁን ሞክሩ።

ባጭሩ፣ ዋናው ሥራው ጥሪ ከሆነና ስልካችሁ መሰኪያ ካለው ባለ ገመዱ ይበቃል። መዝሙር፣ ትምህርትና ዜና ለመስማት የታወቀ ስም ያለው የሰማንያ ወይም የመቶ ድርሃሙ ጉዳያችሁን ይሞላል። ውዱ የሚገባው አይፎን ለያዘች፣ ጉዞ ለምታበዛ፣ ወደ ቤት የምትልከውን ልካ የምታስቀምጠውን አስቀምጣ ለተረፋት እኅት ነው፤ ያም ቢሆን በገንዘቧ ስለሆነ ማንም ሊወቅሳት አይገባም። ከጓደኛ ተበድሮ ወይም ደመወዝ ቀድሞ ተቀብሎ መግዛት ግን አባቶች እንዳሉት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። ከአገር ቤት የሚመጣው የእናት ድምፅ በ20 ድርሃሙም ያው የእናት ድምፅ ነው።