ከበሽሎ እስከ ካርቱም

ስለ ውጭ ጉዳይ ፖሊሲ ሳስተምር ተማሪዎቼን መጀመሪያ ከክፍል አስወጣቸዋለሁ። ከአርብ ገበያ ከተማ በስተደቡብ መሬቱ ቁልቁል ወርዶ በሽሎ ወንዝ ሸለቆ ይገባል። በክረምት ከታች ጋይንት ማሳ አፈር ጠርጎ የሚወርደው ጎርፍ በሽሎን ያደፈርሰዋል፤ በሽሎም ስማዳን ታኮ ወርዶ ከአባይ ይገጥማል። አባይ ጉባ ላይ የህዳሴ ግድብን አልፎ ሱዳን ይገባል። የጎረቤት ጉዳይ ከአባቶቻቸው ማሳ እንደሚጀምር በዓይናቸው ሲያዩ ትምህርቱ ይገባቸዋል።

አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ውሃው ከእኛ የሚነሳ ከሆነ ጭቅጭቁ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በ1952 ዓ.ም. ግብፅና ሱዳን የአባይን ውሃ እንዴት እንደተካፈሉት ነገርኩት። 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለግብፅ፣ 18.5 ቢሊዮን ለሱዳን ደረሰ። ግብፅ ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ያህሉ የሚመነጨው ከኢትዮጵያ ነው፤ ሲካፈሉ ግን እኛን የጠራን አልነበረም።

መጋቢት 24 ቀን 2003 የግድቡ መሠረት ሲጣል እኔም እንደ ሌላው የመንግሥት ሠራተኛ የአንድ ወር ደመወዜን በየወሩ እያስቆረጥኩ ሰጥቻለሁ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ አልቅሻለሁ። 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ በራስ ገንዘብ መሥራት ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን ከግድቡ ባላነሰ የምኮራበት፣ ብዙ ሰው የማያነሳው ሥራ አለ። ከዐሥር ዓመት በላይ ከፈጀ ድርድር በኋላ ግንቦት 6 ቀን 2002 ኢትዮጵያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳና ታንዛኒያ ኢንቴቤ ላይ የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍን ፈረሙ። ደቡብ ሱዳን ስድስተኛ ሆና ካጸደቀችው በኋላ ጥቅምት 3 ቀን 2017 በሥራ ላይ ዋለ። ግብፅና ሱዳን አልፈረሙም። ቢሆንም ፍትሐዊ አጠቃቀም የሚለው ጥያቄ የኢትዮጵያ ብቻ መሆኑ ያን ጊዜ ቀረ።

ይህ ለምን እንደሚያስደስተኝ የበሽሎን ታሪክ የሚያውቅ ይረዳኛል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ይህንኑ ወንዝ ተሻግሮ ነው መቅደላ የወጣው። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር መቅደላ ድረስ አስጎትተው ነበር። ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ግን ለዓመታት መልስ አጥቶ ቆየ፤ በትግራይ በኩል ለእንግሊዝ ጦር መንገድ የለቀቁትም የገዛ አገራቸው መኳንንት ነበሩ። ቴዎድሮስ መድፍ ነበራቸው፤ የጎደላቸው ወዳጅ ነበር።

ዛሬ ልናጣው የማይገባን ወዳጅ ሱዳን ናት። የሮዛሪስ ግድባቸው ከእኛው በመቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ሮዛሪስንም የሰናር ግድባቸውንም ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ደለል ሞልቶ ውሃ የመያዝ አቅማቸውን ቀንሶታል። ያ ደለል የማን አፈር ነው? የጋይንት፣ የስማዳ፣ የእስቴ ገበሬ አፈር ነው! ከእኛ ማሳ ሲሄድ ለእኛ ረሃብ ሆነ፤ እዚያ ሲደርስ ለእነሱ ግድብ ሸክም ሆነ። አሁን የእኛ ግድብ ደለሉን ይይዝላቸዋል፤ የክረምቱን ሙላት አብርዶ ውሃው ዓመቱን ሙሉ በልክ እንዲወርድ ያደርጋል። ሱዳን በዚህ ትጠቀማለች። የሮዛሪስ ሠራተኛ ግን ነገ ስንት ውሃ እንደሚለቀቅ ዛሬ ካላወቀ ሥራውን መሥራት አይችልም። ይህን መጠየቁ ተገቢ ነው። ሱዳን ይህን ስትጠይቅ የግብፅ አፍ ሆነች የሚሉ ወገኖቼ ተሳስተዋል እላለሁ።

የደለሉ ነገር ደግሞ ለእኛም መጥቷል። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ገበሬው ወጥቶ እርከን ይሠራል። ድንጋይ የሚደረድረው ማሳውን ለማዳን ነው፤ የጉባውን ግድብ ዕድሜም እያራዘመ ነው። በሴፍቲኔት የሚረዳ ሰው ለአገሩ ይህን ያህል እያደረገ መሆኑን የነገረው ግን የለም።

በድርድር ጠረጴዛ የምትቀመጡ ወገኖቼ ሆይ፣ የውሃውን መረጃ በየቀኑ ለካርቱም የምናደርስበትን ስምምነት በፊርማ አጽኑልን። ስለ ግድቡ ስትናገሩም በሽሎ ዳር እርከን የሚሠራውን ገበሬ አንሡት።