“አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው የጠጣሁት!”

የዛሬው ጽሑፌ ለወላጆች ነው። ልጆቹም ቢያነቡት ደስ ይለኛል፤ ግን አማርኛ አንብበው የሚረዱት ስንቶቹ እንደሆኑ እናንተው ታውቃላችሁ።

እዚህ ለንደን የምትኖር አንዲት ወዳጅ አለችኝ። ትልቋ ልጇ በሰሜን እንግሊዝ የዩኒቨርስቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለች አንድ ማታ የጓደኛዋን ልደት ለማክበር ወጣች። ያዘዘችው አንድ ብርጭቆ ቮድካ በብርቱካን ጭማቂ ነው። ግማሹን ጠጥታ ብርጭቆዋን ጠረጴዛ ላይ ትታ ለጭፈራ ተነሣች፤ ተመልሳ የቀረውን ጨረሰችው። ከዚያ ወዲያ የምታስታውሰው ጉልበቷ እንደከዳት፣ የበሩ ዘበኛ “ሰክራለች፤ ውሰዱልኝ” እንዳለና ጠዋት ልብሷን እንደለበሰች አልጋዋ ላይ እንደነቃች ብቻ ነው። ደግነቱ ጓደኞቿ አልተለዩዋትም።

ለእናቷ የነገረቻት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እናትየዋም በመጀመሪያ ያለችው “በዚያ ሰዓት እዚያ ምን ትሠሪ ነበር?” ነው። በወዳጄ አልፈርድም። እኔ ራሴ ታሪኩን ስሰማ በሆዴ “ስንት ብትጠጣ ነው?” ብያለሁ። ሰው በመጠየቅ እንጀራውን ሲበላ የኖረ ሰው፣ ያቺን ልጅ ሳይጠይቅ ፈረደባት።

ነገሩ የአንዲት ልጅ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 መጸው፣ ዩኒቨርስቲዎች በተከፈቱ ሰሞን፣ ኖቲንግሃምና ኤድንበራን በመሳሰሉ ከተሞች ሴት ተማሪዎች “ዳንስ ቤት ውስጥ በመርፌ ተወጋን” ማለት ጀመሩ። በጥቂት ወራት ውስጥ ለፖሊስ የደረሰው የዚህ ዓይነት አቤቱታ ከአንድ ሺ በላይ ሆነ። በዚያው ኦክቶበር ተማሪዎቹ “ዛሬ ማታ አንወጣም” ብለው በብዙ ከተሞች በዳንስ ቤቶች ላይ አደሙ። የፓርላማው የአገር ውስጥ ጉዳይ ኮሚቴም መርምሮ በኤፕሪል 2022 ሪፖርቱን አወጣ። የመርፌው ነገር በላቦራቶሪ የተረጋገጠው እጅግ ጥቂት ነው። የብርጭቆው ግን የቆየና የታወቀ ወንጀል ነው።

ብርጭቆ ውስጥ የሚጨመረው ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ሌላ መጠጥ ነው፤ ሳታውቀው አንዱ መለኪያ ሁለት ሦስት ይሆንባታል። “ቀልድ ነው” የሚሉ ጎረምሶች ሞልተዋል፤ ሕጉ ግን አይቀልድም። ከዚያ የማደንዘዣው ዘር ይመጣል። ሮሂፕኖል የተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት ለዚህ ተግባር ስሙ በመጥፋቱ፣ አምራቹ በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈሳሽ ሲነካው ሰማያዊ ቀለም እንዲያወጣ አድርጎ ሠራው። ኮካ ኮላ ውስጥ ማን ያየዋል? ጂ ኤች ቢ የሚባለው ደግሞ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ቢበዛ ትንሽ ጨው ጨው ይላል።

“እኔ ያለኝ ወንድ ልጅ ነው” ብላችሁ ጋዜጣውን ልታጥፉ የተነሣችሁ አባቶች ቆዩኝ። በጃንዋሪ 2020 ማንችስተር ላይ የዕድሜ ልክ እስራት የተፈረደበት ሬንሃርድ ሲናጋ ራሱ የዩኒቨርስቲ ተማሪ ነበር። ከዳንስ ቤት ወጥተው ወደ ቤታቸው የሚሄዱ ወጣት ወንዶችን እየለመነ፣ እያግባባ አፓርታማው ያስገባና አደንዝዞ ይደፍር ነበር። የተፈረደበት በ48 ወንዶች ላይ በፈጸመው ወንጀል ነው፤ የተጠቀመውም ጂ ኤች ቢ ሳይሆን እንዳልቀረ ታምኗል። አብዛኞቹ ፖሊስ መጥቶ እስኪነግራቸው ድረስ የደረሰባቸውን አያውቁም ነበር። መንግሥት በ2022 የጂ ኤች ቢን የሕግ ደረጃ ከፍ ያደረገው ከዚህ በኋላ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? ሰውን ሳያውቅ የሚጎዳ ነገር መስጠትን የሚያስቀጣው አንቀጽ ከ1861 ጀምሮ አለ፤ ማለትም አጼ ቴዎድሮስ በዙፋን ላይ ሳሉ የወጣ ነው! የ2003ቱ የወሲብ ወንጀሎች ሕግ ደግሞ፣ ሰውን ለመድፈር አስቦ የሚያደነዝዝ ነገር ማጠጣትን ብቻውን እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል። ድፍረቱ ባይፈጸምም ያው ነው።

ታዲያ የሚያዘው ለምን ጥቂት ሆነ? ዋናው ጠላት ሰዓቱ ነው። ጂ ኤች ቢ ከሽንት ውስጥ በ12 ሰዓት ገደማ ይጠፋል፤ ከደም ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል። የወዳጄ ልጅ ጠዋት ነቅታ ታጥባ፣ አልቅሳ፣ ተኝታ ስትነሣ ማስረጃው በሽንት ቤቱ ሄዷል። በዚያ ጠዋት ወደ እናቷ ብትደውል ኖሮ ወይ ፖሊስ ዘንድ ወይ ሐኪም ቤት ሄዳ ሽንቷን ትሰጥ ነበር። ለምን እንዳልደወለች ጠየቅኋት። “ጠጥቻለሁ ማለት ነበረብኛ” አለችኝ።

ይህን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ጓደኛ በድንገት ከተንገዳገደች ብቻዋን አትሂድ፣ ከማታውቀው ሰው ጋርም አትሂድ። ካስመለሳት በጎኗ አስተኝቷት፤ አልነቃ ካለች ወይም ትንፋሿ ካስፈራ ለ999 መደወል ነው። በ2016 ሊንከንሼር ውስጥ የተጀመረ ዘዴም አለ፦ ያሰጋው ሰው ባንኮኒው ጋ ሄዶ “አንጄላ አለች?” ብሎ ይጠይቃል፤ የሠለጠነ አስተናጋጅ ነገሩ ይገባዋል። ተደፍሬ ይሆን ብላ የምትጠረጥር ደግሞ ፖሊስ ሳታስገባ በቀጥታ የምትሄድባቸው የሕክምና ማዕከሎች አሉ። ይህን የሚያውቅ ሐበሻ ወላጅ እስካሁን አላገኘሁም።

ባለፈው መስከረም ታናሽየዋ ዩኒቨርስቲ ገባች። እናትየዋ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ዳቦ ቆሎውን በሻንጣ ጠቅጥቃ ስታበቃ “ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን ደውይልኝ፤ የት ነበርሽ ብዬ አልጠይቅሽም” አለቻት። ታላቅየዋ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ምንም አልተናገረችም፤ ሻንጣውን አንሥታ ወደ መኪናው ወረደች።