የስሜት አፈጣጠር በአንጎል ውስጥና ለመማሪያ ክፍል ያለው ፋይዳ

አንድ ተማሪ ወደ ጥቁር ሰሌዳ በተጠራ ጊዜ እጁ ሲንቀጠቀጥና ትናንት በቃሉ ይዞት የነበረው ሁሉ ሲጠፋበት መምህሩ አብዛኛውን ጊዜ «አላጠናም» ብሎ ይደመድማል። ድምዳሜው ትክክል የሚሆንበት ጊዜ መኖሩ አይካድም፤ ይሁን እንጂ የነርቭ ሳይንስ ስለ ስሜት አፈጣጠር የደረሰበትን ላጤነ ሰው ሌላም ምክንያት ይታየዋል።

ስሜት ከወዴት ይመነጫል ለሚለው ጥያቄ አማርኛችን የራሱ መልስ አለው። ሆዴ ባባ፣ አንጀቴ ተላወሰ፣ ልቤ ራደ እንላለን እንጂ አንጎሌ ፈራ አንልም። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዊሊያም ጄምስም እ.ኤ.አ. በ1884 ከዚህ ያልራቀ ሐሳብ አቅርበው ነበር። በእርሳቸው አባባል ሰው ስለ ፈራ አይንቀጠቀጥም፤ ፍርሃት የሚሰማው ሰውነቱ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። ዋልተር ካነን ግን እ.ኤ.አ. በ1927 ልብ በቁጣም፣ በፍርሃትም፣ በትኩሳትም ጊዜ በፍጥነት ስለሚመታ የሰውነት ለውጥ ብቻውን አንዱን ስሜት ከሌላው ሊለይ አይችልም ሲሉ ተቃወሙ።

ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ስሜት በአንጎል ውስጥ የተወሰነ መቀመጫ ሲፈለግ ብዙ ዓመታት አለፉ። ለፍርሃት የታጨችው በአንጎል ግራና ቀኝ ጠልቃ የምትገኘው፣ የለውዝ ፍሬ የምትመስለው አሚግዳላ ነበረች። ጆሴፍ ለዱ በአይጦች ላይ ባደረጉት ምርምር አስደንጋጭ ድምፅ ወደዚች ክፍል በአቋራጭ እንደሚደርስና ሰውነትን ለአደጋ እንደምታዘጋጅ አሳይተዋል። ነገሩ ያለቀ መስሎ ነበር። ሆኖም በአይዋ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ያልተጠበቀ ውጤት አስገኘ። በሁለቱም ወገን አሚግዳላቸው የተጎዳ 3 ሰዎች 35 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት አየር ሲስቡ ሦስቱም በብርቱ ፍርሃት ተያዙ። ስለዚህ አሚግዳላ የፍርሃት ብቸኛ ምንጭ ናት ማለት አይቻልም። ለዱ ራሳቸው ኋላ ላይ ሰውነትን ለአደጋ የሚያዘጋጀው ሥራ አንድ ነገር፣ «ፈራሁ» የሚለው ንቁ ስሜት ደግሞ ሌላ መሆኑን አስረግጠው ጽፈዋል።

ታዲያ ንቁው ስሜት እንዴት ይሠራል? ኢንሱላ የተባለው የአንጎል ክፍል ከልብ፣ ከሳንባና ከአንጀት የሚመጣውን ወሬ ይቀበላል። (በዚህ ረገድ የአማርኛው አነጋገር ከእውነቱ አልራቀም።) አንጎል ይህን ወሬ ካለበት ሁኔታና ቀድሞ ካሳለፈው ጋር እያገናዘበ ትርጉም ይሰጠዋል። ሊሳ ፌልድማን ባሬት ከዚህም አልፈው ስሜት ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ነገር ሳይሆን አንጎል በየጊዜው የሚገነባው ነው ይላሉ። አከራካሪ ሐሳብ ነው፤ ለመምህር ግን ጠቃሚ ይመስለኛል። ቀድሞ በሰሌዳው ፊት የተሳቀበት ልጅ የልቡን ምት የሚተረጉመው በዚያ ትዝታ ነውና።

ጭንቀት ሲበረታ ኖርአድሬናሊንና ዶፓሚን የተባሉት ንጥረ ነገሮች ከመጠን በላይ ይመነጫሉ፤ በግንባር በኩል ያለው፣ ሐሳብን ይዞ የሚያመዛዝነው የአንጎል ክፍልም ይዳከማል። ተማሪው ያጠናውን ነገር አላጣውም፤ በዚያች ሰዓት ማውጣት ተሳነው እንጂ።

መፍትሔውን በሚመለከት የፕላን ባለሙያዎች ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ተማሪዎች ከፈተና በፊት ለ10 ደቂቃ ያህል ጭንቀታቸውን ቢጽፉ ውጤታቸው እንደሚሻሻል ገልጾ ነበር። ይኸው ጥናት እንደገና ከተፈተኑት 21 ጥናቶች አንዱ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2018 የድጋሚው ሙከራ ሲታተም የፊተኛው ውጤት አልተገኘም። በአንድ ጥናት ተመርኩዞ መመሪያ ማስተላለፍ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

በየክፍሉ ሊሞከር የሚችል ቀላል ነገር ግን አለ። መምህሩ በሰሌዳው ፊት የጠየቀውን ጥያቄ፣ ነጥብ ሳይሰጥበት፣ ተማሪው በመቀመጫው ሆኖ በጽሑፍ እንዲመልሰው ያድርግ። ሁለቱ መልሶች እጅግ ከተራራቁ ማስታወሻ ይያዝ፤ የቃል ጥያቄ ነጥብ ከመመዝገቡ በፊትም ያንን ማስታወሻ ይመልከት።