ያላለቀ ዙር

ላሊበላ ላይ ሰውነት ማጎልመሻ አስተምራለሁ። ከተማችን 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ልጆቹ የላስታን ዳገት ሲወጡና ሲወርዱ ስለሚያድጉ ስለ ትንፋሻቸው ብዙም አልጨነቅም። የምጨነቀው ስለ መጨረሻዎቹ ሁለት ሜትሮች ነው። በኖራ ወዳሰመርኩት መስመር ሊደርሱ ሲሉ ፍጥነት ይቀንሳሉ፣ ዞር ብለው ጓደኛቸውን ያያሉ። አንዳንዱ ደግሞ እጁን አስቀድሞ ይዘረጋል። እጅ ግን አይቆጠርም፤ ጭንቅላትም እግርም አይቆጠርም። ዳኛ የሚያየው ደረት መስመሩ ላይ መድረሱን ነው። «ቲቸር፣ እኔ እኮ ስመራው ነበር!» ይለኛል የተቀደመው። እውነቱን ነው፣ ሲመራው ነበር።

ነገሩ የልጆች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2019 ሎዛን ላይ በዳይመንድ ሊግ 5,000 ሜትር ሐጎስ ገብረሕይወት አፈትልኮ ወጣ፣ መስመሩን አለፈ፣ ያሸነፈ መስሎት ቆመ። አንድ ዙር ይቀረው ነበር። ዮሚፍ ቀጀልቻ አሸነፈ፣ ሐጎስ 10ኛ ሆነ። ሐጎስ ከሪዮ ኦሊምፒክ ነሐስ ያመጣ፣ በ2024 ኦስሎ ላይ ርቀቱን በ12 ደቂቃ ከ36.73 ሰከንድ የሮጠ ታላቅ አትሌት ነው። 5,000 ሜትር 12 ዙር ተኩል ስለሆነ ሩጫው የሚጀመረው ከመድረሻው ማዶ ነው፤ መስመሩ 13 ጊዜ ይታለፋል። በዚያ ድካም ውስጥ 12ኛውን 13ኛ ብሎ መቁጠር ማንንም ሊያጋጥም ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን በቤዝቦል የሆነው ነው። በዚህ የአሜሪካውያን ጨዋታ መቺው ኳሷን መትቶ ወደ አንደኛው ማረፊያ ሲሮጥ፣ እዚያ የቆመው ጓደኛው ለቆለት ወደ ሁለተኛው መሄድ ግዴታው ነው፤ አንድ ማረፊያ ሁለት ሰው አይይዝም። እሱ ሳይደርስ ተከላካይ ኳሷን ይዞ ያንን ማረፊያ ከነካ ሯጩ ከጨዋታ ይወጣል። በዚህ መንገድ የወጣው ሦስተኛው ሰው ከሆነ የቡድኑ ተራ ያበቃል፤ ሌላ ጓደኛው ቀድሞ ገብቶ ያስቆጠረው ነጥብም ይሰረዛል።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 1908 የኒውዮርክ ጃያንትስና የቺካጎ ከብስ 1 ለ 1 ሆነው የመጨረሻው ተራ ላይ ደረሱ። ከጃያንትስ ሁለት ሰው ወጥቷል። አል ብሪድዌል መታ፣ ከሦስተኛው ማረፊያ የተነሳው ጓደኛው ገባ፣ ተመልካቹ ሜዳውን አጥለቀለቀው። አንደኛው ላይ የነበረው የ19 ዓመቱ ፍሬድ መርክል ሁለተኛውን ሳይነካ ወደ መልበሻ ክፍል አመራ። የከብሱ ጆኒ ኤቨርስ ኳስ አስመጥቶ ማረፊያውን ነካ፤ ዳኛው ሃንክ ኦዴይ ነጥቡን ሰረዘ። ጨዋታው በአቻ ተመዘገበ። ኦክቶበር 8 ሲደገም ከብስ 4 ለ 2 አሸንፎ የሊጉን ዋንጫ ወሰደ፤ መርክል ግን ዕድሜውን ሙሉ በዚያች ቀን ሲጠራ ኖረ።

ሕጉ ትክክል ነው። ተጋጣሚ እስከ መጨረሻዋ እርምጃ ድረስ የመታገል መብት አለው። መርክል ላይ የተጫነው ስም ግን ግፍ ነው። በዚያ ዘመን ጨዋታው እንዲህ ሲያልቅ ሯጮች ማረፊያውን ሳይነኩ መውጣት ልማዳቸው ነበር፣ ዳኞችም ዝም ይሉ ነበር። ከ19 ቀን በፊት ፒትስበርግ ላይ ያው ነገር ሆኖ ኤቨርስ ለዚያው ለኦዴይ አቤት ብሏል፤ አልተሰማም። ተኝቶ የከረመ ሕግ ዋንጫው በሚወሰንበት ሰሞን ቀስቅሰው አንድ ወጣት ላይ ጣሉበት።

ለዚህ ነው «ልምምድ አይደል? ተወው» ሲሉኝ የማልተወው። በተራ ቀን በእጁ የደረሰውን፣ በዱላ ቅብብል ከመቀባበያው ክልል ውጭ ዱላ የተቀበለውን ያኔውኑ እነግረዋለሁ፣ እንደገናም አስሮጠዋለሁ። ለመጨረሻው ዙር ዛፍ ላይ የተሰቀለው አሮጌ የመኪና ቸርኬ በብረት ይመታል፤ የሚመታው ልጅ ዓይኑን ከመሪው አይነቅልም። ከመስመሩ ወዲያ ገመድ እንወጥራለን፤ የመርክልን ሜዳ ያመሰው ሕዝብ የእኛም ሜዳ ላይ አለ፣ ወንድም እህት ሊያቅፍ የሚሮጥ።

ማቀፍ ያልኩት በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2023 ባተርስት፣ አውስትራሊያ፣ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ለተሰንበት ግደይ ለድል ስትገሰግስ መድረሻው አፍንጫ ስር ወደቀች። ቢያትሪስ ቼቤት አልፋት አሸነፈች። ለተሰንበትን ሰው ደግፎ አነሳት፣ መስመሩንም አለፈች፤ በሰው በመረዳቷ ግን ውጤቷ ተሰረዘ። ክፍል ውስጥ ይህን ሳነሳ ልጆቹ ይከፋቸዋል፤ የወደቀ ማንሳት እንዴት ያስቀጣል ይሉኛል። ገመዱ ጋ የሚቆሙትን የማዛቸው ይህን ነው፦ የወደቀ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ፣ እኔን ጥሩኝ። ልጁ የታመመ ከሆነ ሩጫው ይቅርበት፣ እኔው አነሳዋለሁ፤ ካነሳሁት ውጤቱ እንደማይያዝለት ገና ልምምድ ሲጀምር ነግሬዋለሁ።